ላይቭ ላይ ስንት ሰው አለ?

ላይቭ የገባ ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ካሜራው ላይ አይደለም፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሯ ከፍ ስትል ድምፁ ይሞቃል፣ ቀልዱ ይመጣለታል። ዝቅ ስትል ደግሞ «እባካችሁ ሼር፣ ላይክ...» የሚለው ልመና ይጀመራል። አሰላ ላይ የሩጫ ውድድር፣ ሰርግ ወይም የወጣት ጨዋታ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ልጅ ይህን ነገር የዘመኑ ፈጠራ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዩቲዩብም ቲክቶክም የሌላ አገር ዕቃ ናቸውና።

እኛ ግን የምንለው ሌላ ነው። «ስንት ሰው መጣ? ማን መጣ? ማን ሳይመጣ ቀረ?» ብሎ መቁጠር፣ በቆጠሩትም መሠረት ሥራን ማስፋትና ማስተካከል፣ በአርሲ ደጋ ስማርት ስልክ ከመምጣቱ 40 ዓመት በፊት ተሠርቶበታል። ውጤቱም ጥሩም መራራም ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዩቲዩብንና ጪላሎን በአንድ ጽሑፍ ለማስታረቅ ሌላ መላ አላገኘንም።)

በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በያኔው የጪላሎ አውራጃ አንድ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። መቀመጫው አሰላ ነበር። ሰዉ የሚያውቀው «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ ነው፤ ዛሬም አሰላ ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎችን ብትጠይቁ ስሙን ለማስታወስ አይቸገሩም። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ከፈረንጅ ጋር የተዳቀለች የወተት ላም፣ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ፣ ብድር፣ መንገድ... ስንቱን ዘርዝረን እንዘልቀዋለን።

ለዛሬው ጨዋታችን የሚያስፈልገን አሠራሩ ነው። ካዱ ማሳያ እርሻ ነበረው። አንዱ ማሳ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ እንደ ድሮው። ገበሬው ይመጣል፣ ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በየአካባቢው ሰዉ የሚመርጠው «ሞዴል ገበሬ» ነበረ፤ ጎረቤት ሁሉ ከእሱ እንዲማር። ይህ እንግዲህ ያለ ካሜራ የሚካሄድ የቀጥታ ስርጭት መሆኑ ነው። ተመልካች አለ፣ አቅራቢ አለ፣ ኮሜንት አለ። ሰብስክራይብ የሚባለው ደግሞ ብድሩ ነው፤ ያየውን ያመነ ገበሬ ፈርሞ ማዳበሪያና ዘር ይወስዳል።

ቁጥሩ ወጣ። ብድር የወሰደው ገበሬ ብዛት መጀመሪያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በ1971 ከ10,000 አልፎ ነበር። በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት መስመር አናሊቲክሱ ላይ ያየ የዛሬ ወጣት ስክሪን ሾት አንስቶ ስቶሪ ላይ ይለጥፈው ነበር። መንግሥትም ለጠፈው ማለት ይቻላል፤ በዚያው በ1971 የካዱን ልምድ አቅልሎ ወደ ሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች የሚወስድ ፕሮግራም ተጀመረ።

ካዱ ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ብዙ ቻናል የሌለው ነገር። የራሱን ሥራ የሚመረምር የዕቅድና የግምገማ ክፍል ነበረው። ይህ ክፍል ጠቅላላውን ድምር ጽፎ አጨብጭቦ አልተቀመጠም። ቁጥሩን ከፋፈለው። ብድር ከወሰዱት ውስጥ የመሬት ባለቤቱ ስንት ነው? ጭሰኛውስ? ስንት ሄክታር ያለው ነው የሚመጣው? ሲከፋፈል ታዲያ ሥዕሉ ተቀየረ። ሞዴል ገበሬ ሆነው የሚመረጡት በአብዛኛው ከጎረቤታቸው ሻል ያለ ኑሮ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ማዳበሪያውና አዲሱ የስንዴ ዘር መሬትን ትርፋማ ሲያደርገው፣ ትላልቆቹ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ትራክተር ደግሞ ጭሰኛ አያስፈልገውም። በ1972 ሄኖክ ክፍሌ ያጠናውና ድርጅቱ ራሱ ያሳተመው የሜካናይዝድ እርሻ ጥናት ይህንኑ ጉዳይ የፈተሸ ነው። ትራክተሩ በመጣበት ቦታ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ይነቀል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው። የተነቀለው ጭሰኛ በብድር ዝርዝሩ ውስጥ «ቀነሰ» ተብሎ አይታይም። መጀመሪያውኑ በዝርዝሩ አልነበረምና። ድምሩ እያደገ፣ እያደገ፣ እያደገ ሲሄድ እሱ ከመሬቱ ላይ ይጠፋል፤ ግራፉም አያዝንለትም። እንዲህ ያለውን ሰው ለማየት «የመጡት ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ወደ ገጠሩ ወርዶ ቤት ለቤት መቁጠር ያስፈልጋል። የካዱ ሰዎች ይህን በማድረጋቸው ባርኔጣችንን እናነሳላቸዋለን። ካወቁ በኋላም ዝም አላሉም፤ ለትላልቅ ባለመሬቶች የሚሰጠውን ብድር ገደቡ። የጭሰኝነቱን ሕግ መለወጥ ግን ከአሰላ አቅም በላይ ነበር። ሕጉን ማሻሻል የተባለው ነገር አዲስ አበባ ፓርላማ ውስጥ ተሸብቦ ቀረ። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ ሲያውጅ ጉዳዩ በሌላ መንገድ ተዘጋ። ቁጥር እውነቱን ነግሮህ አንተ ልታደርገው የምትችለው ነገር ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ታሪክ ነው።

ከማሳው ወደ ማይክሮፎኑ እንለፍ። ላይቭ ከሬዲዮ ነውና የወረሰው።

ሬዲዮ ሰውን መቁጠር ሁሌም ይቸግረዋል። ማሳያ እርሻ ላይ ቢያንስ ሰዉን በዓይን ታየዋለህ፤ ሬዲዮ ላይ ግን ወደ ባዶ አየር ነው የምታወራው። አሜሪካኖች በ1930 አርቺባልድ ክሮስሊ በሚባል ሰው አማካይነት መላ ዘየዱ፤ ቤት ለቤት ስልክ እየደወሉ «ትናንት ምን ሰማችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ጉዱ ምንድነው? በዚያ የድህነት ዘመን ስልክ ያለው ሰው ሁሉም ሰው አልነበረም። ስለዚህ የተቆጠረው የባለስልኩ ጆሮ ነው። ቀጥሎ ኒልሰን የተባለው ኩባንያ በ1942 ሬዲዮው ላይ በሚገጠም መሣሪያ መቁጠር ጀመረ። መሣሪያው ሬዲዮው የትኛው ጣቢያ ላይ እንዳለ ይመዘግባል፤ ሰው ይስማው፣ ድመት ትስማው ግን አያውቅም። (ስልኩን ከፍቶ፣ ላይቩን እንደበራ ትቶ ሽሮ ሊያማስል የሄደ ተመልካች አላችሁ አይደል? እሱ ከዚያ ዘመን የወረስነው ነው።)

እኛ አገር መቁጠሪያው ደብዳቤ ነበር። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሉተራውያኑ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በየ100 ኪሎዋት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ይዞ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር። የአድማጭ ጥናት የሚሠራ ክፍል ነበረው፤ ደብዳቤ ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ይቆጠራል፣ ከየት እንደመጣ ይታያል። ደርግ በ1977 ጣቢያውን ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» እስኪለው ድረስ እንዲህ ነበር። ደብዳቤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጥቂት በሆነበት አገር ደብዳቤ የሚቆጥር ሰው የሚቆጥረው አድማጩን ሳይሆን ጸሐፊውን ነው። የሰፈር ተማሪ ለምኖ የሚያስጽፍ ገበሬም አይጠፋም፤ ነገር ግን ስንቱ ይለምናል? ዛሬ ኮሜንት የሚጽፉትን ብቻ እያየ «የኔ ተመልካች እንዲህ ነው» የሚል ሰው ያንኑ የደብዳቤ ሳጥን ነው የሚከፍተው። ኮሜንት የሚጽፈው በአብዛኛው ደፋሩ፣ ኢንተርኔት የማያልቅበትና የሚሳደበው ነው።

ደብዳቤንም፣ ቆጠራንም አጣምሮ የሠራ ሰው ግን ተገኝቷል፤ ይኸኛው ታሪክ ለአርሲ ሰው ይቀርባል። ከሰኔ 2002 እስከ ኅዳር 2004 ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት፣ በዶ/ር ንጉሤ ተፈራ መሪነት፣ ሁለት ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎች አስተላለፈ። በአማርኛ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል፣ በኦሮምኛ «ዲምቢባ» 140 ክፍል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጠለፋ ነበር። በኦሮምኛ የሚሰማውን ሕዝብ በአማርኛው ትርጉም አሰናብቱት አላሉም፤ የራሱ ድራማ ተሠራለት። ቋንቋ የተመልካች ቁጥርን የሚወስን መሆኑን ያኔ ያወቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ከአርሲ ሆኖ ላይቭ የሚሠራ ልጅ ይህቺን ጉዳይ ሁለት ጊዜ ያንብባት።

ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። እሺ፣ ደብዳቤውን ከላይ ስለተቸነው እንለፈው። ከደብዳቤው ይልቅ እኛን የገረመን ሌላው ነው፤ 48 የጤና ተቋማት ላይ ሄደው ለሥነ ተዋልዶ አገልግሎት አዲስ የሚመጡትን ሰዎች «ድራማውን ትሰማላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ድርጅቱ እንዳሳተመው 63 በመቶው ከሁለቱ አንዱን እሰማለሁ ብሏል። ይህ ቁጥር ብዙ ተጠቅሷል። እኛም እንወደዋለን፣ ግን በዓይን ጨርፈን ነው የምንቀበለው። ድራማውን የሚሰማ ሰው ሬዲዮ ያለው ሰው ነው፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ድሮውንም ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ይቀርብ ይሆናል። መስማቱ ነው ወይስ ሬዲዮ መግዛት መቻሉ? ያም ሆኖ ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። «ስንት ሰው ሰማን?» ብለው አላቆሙም፣ «ሰምቶ ምን አደረገ?» ብለው ሰዉ በእግሩ የሚመጣበት በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

አሁን አንድ አድማጭ እናስታውሳችሁ። በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩጽ ይፍጠር 10,000ውንም 5,000ውንም አሸነፈ። አሰላ አጠገብ፣ የገበሬ ቤት ውስጥ፣ የሰባት ዓመት ልጅ የምሩጽን ድል በሬዲዮ ሰማ። ልጁ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ ሯጭ ለመሆን ያነሳሳው ይኸው እንደነበረ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። በየትኛውም የአድማጭ ቆጠራ ይህ ቤት ቢገባ ኖሮ «አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ቤተሰብ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ከሌላው ቤት ምንም አይለይም። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ ያው ልጅ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ የአገሩ ሕዝብ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። አንድ ተመልካች ስንት እንደሚመዝን የሚነግር አናሊቲክስ አልተሠራም፤ የሚሠራም አይመስለንም።

እንግዲህ ወደዚያች ስክሪን ጥግ ላይ ወዳለችው ቁጥር እንመለስ።

ዩቲዩብ ራሱ ቁጥር ያስቸገረው ኩባንያ ነው። እስከ 2015 ድረስ ብዙ ቪዲዮ «301+» ላይ ደርሶ ቀጥ ይል ነበር፤ ትዝ የሚላችሁ አትጠፉም። ከ300 በላይ ያለውን «እውነተኛ ሰው ነው ወይስ ማሽን?» ብሎ እስኪያጣራ ነበር የሚያቆመው። ከዚያ በላይ የሚበልጠው ለውጥ ግን በ2012 የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ ኩባንያው ለሰዉ ቪዲዮ ሲመርጥ ዋናው መለኪያ ስንት ሰው ነካው የሚለው ነበር። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ርዕሱ ሰማይ የነካ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቪዲዮ ፈላ። በ2012 ሚዛኑ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ወደሚለው ዞረ።

የደቂቃው ነገር ላይቭ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ሒሳብ እንየው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ላይቭ ሠራችሁ እንበል። 3,000 ሰው ገባ፣ አንዱ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ቆየ። 12,000 ደቂቃ መሆኑ ነው፤ ለ120 ደቂቃ ሲካፈል በየትኛውም ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ በአማካይ 100 ሰው ነበር ማለት ነው። በሌላ ቀን 600 ሰው ብቻ ገባ፣ ግን በአማካይ 30 ደቂቃ ቆየ። 18,000 ደቂቃ። ለ120 ሲካፈል 150 ሰው። የገቡት በአምስት እጥፍ ያነሱበት ቀን አዳራሹ የበለጠ ሞልቶ ነበር! ስክሪን ሾት ተነስቶ የሚለጠፈው ግን የ3,000ው ቀን ነው፤ ሰዉን እናውቀዋለንና።

ሁለተኛው የሚታይ ነገር መስመሩ የወደቀበት ደቂቃ ነው። ግራፉ በ22ኛው ደቂቃ ቁልቁል ከሄደ ቅጂውን ከፍቶ 22ኛውን ደቂቃ ማየት ነው። ድምፅ ተቋርጦ ይሆናል። ስፖንሰር ማመስገን ተጀምሮ ይሆናል። አንድ ቋንቋ ሲሰማ የነበረው ሰው ሌላ ቋንቋ ሲመጣ ወጥቶም ይሆናል። እኛ በየላይቩ ስንታዘበው የኖርነው ትልቁ ገዳይ ግን መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ሰው እስኪገባ ትንሽ እንጠብቅ» እየተባለ የሚባክነው ሩብ ሰዓት። የዕድር ስብሰባ አይደለም እኮ! በሰዓቱ የመጣውን ሰው በመጠበቅ መቅጣት፣ የዘገየውን መሸለም። በሰዓቱ የመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ የሚመለሰው ተመልካች ነው፤ አናሊቲክሱ «ተመላሽ» እና «አዲስ» ብሎ ለይቶ ስለሚያሳይ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሰዓትም አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ለአሰላ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ሥራ አልቋል፣ እራት ተበልቷል። ብዙ የኦሮሞ ማኅበረሰብ ባለበት ሚኒሶታ ግን በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከእሑድ በቀር ሰዉ ሥራ ላይ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ስልክ ከኪስ አይወጣም። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ከውጭ የሚመጣው ተመልካች ሲያንስ «ዲያስፖራው ረሳን» ብሎ ማማረር የሰዓት ዞን አለማወቅ ነው። የበቆጂን የሩጫ ልምምድ በማለዳ የሚያስተላልፍ ሰው ደግሞ ለሚኒሶታ የሌሊት ተረኛ ነው የሚደርሰው።

በአገራችን ከዚህ ሁሉ በላይ ግራፉን የሚጫወትበት ሌላ ነገር አለ። በ2020 ሰኔ መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። የዚያን ሐምሌ ግራፍ ያለው ሰው ሁሉ ገደል ያያል። ተመልካቹ አልሸሸም፤ ገመዱ ነው የተቆረጠው። ያንን ወር ከአማካይ ሳያወጡ «ቻናሌ ወደቀ» ማለት የተነቀለውን ጭሰኛ «ብድር የማይፈልግ ገበሬ» ብሎ እንደመመዝገብ ነው።

በ2023 የመጣው ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፈጠረው መከፋፈል በጋለበት ሰሞን፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ። ኢንተርኔቱ ግን አልጠፋም። ሰዉም በቪፒኤን ገባ። ቪፒኤን ደግሞ የተመልካቹን አድራሻ ሰርቨሩ ባለበት አገር ይተካዋል። ከተመልካች ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለው መስመር ቀጠነ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ መስመር ወፈረ። በዚያ ሰሞን አሰላ ሻይ ቤት ተቀምጦ ላይቭ የሚከታተል ልጅ በአናሊቲክሱ ላይ የኔዘርላንድስ ነዋሪ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ሳያውቅ ግራፉን አምኖ የላይቭ ሰዓቱን ለአውሮፓ ብሎ ያዞረ ሰው ካለ፣ ያዞረው ከጎረቤቱ ላይ ነው። እገዳው በሐምሌ ሲነሳ ኢትዮጵያ የሚለው መስመር ተመለሰ፤ ኔዘርላንድስም ወደ ወትሮ ልኳ ወረደች።